የራዚያ ራዲያተር

እስቲ ያንን ቪዲዮ አንዴ ክፈቱት። ስልካችሁ ውስጥ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያልደረሰው ሰው የለም። ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ስፖርት መኪና መሀል አስፋልት ላይ ቆማለች። ከኮፈኗ ስር እንፋሎት ይትጎለጎላል። አፍንጫዋ ላይ የሶፋ ትራስ የሚያህል የፕላስቲክ አበባ ታስሯል። የኋላ ወንበር ላይ ሙሽራዋ በነጭ ቬሎዋ ተጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ላቧ ኩሏን ይዞት ወርዷል። በመሪው በኩል ጥቁር ሂጃብ የለበሰች ሴት ወርዳ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ከዚያ የሚቀርጸው ሰውዬ ድምፅ ይሰማል፤ እየሳቀ ነው፦ «ሴት ስትነዳ እንዲህ ነው! ወጥ መሰላት እንዴ፣ አፈላቻት እኮ!»

ስቃችኋል። ስቃችሁም ለሌላ ሰው ልካችኋል። እንግዲያው የሳቃችሁባትን ሴት ማንነት ስሙ፤ ሰው ላይ እንደዚያ ስቆ ስሙን እንኳ አለማወቅ ነውር ነው።

ራዚያ ትባላለች። ሐይቅ ተወልዳ ሐይቅ ያደገች ናት። እንደ ሰፈሯ ልጆች ሁሉ ገና በጠዋቱ ወደ ኩዌት ሄደች። የቤቱ ሹፌር አንድ ቀን ጥሎ ሲጠፋ እመቤቲቱ «ልጆቼን ማን ትምህርት ቤት ያድርስልኝ?» ብላ ራሷን ያዘች። ራዚያ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ «እኔ እማራለሁ» አለች። ተማረች። መንጃ ፈቃድ አወጣች። በዚያ ብረት በሚያለሰልስ ሙቀት፣ በዚያ ማንም ለማንም በማይቆምበት አስፋልት የሰው ልጆች ጭና ስትመላለስ አንዲት ጭረት አላመጣችም። አገሯ ስትገባ ይዛው የመጣችው ትልቁ ነገር ይኼው ነው፤ መንዳት ትችላለች።

ቀይዋ መኪና የእሷ አይደለችም። ጅዳ የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ኢምራን ነው ከአዲስ አበባ ያስገዛት። ምን አስቦ እንደገዛት አላህ ይወቅ። ከመሬት ከፍ ማለት የማታውቅ፣ የሐይቅን ኮብልስቶን በሆዷ እየላሰች የምትሄድ ናት። የሰፈር ልጆች «ጠፍጣፋዋ» ይሏታል። እህል አትጭን፣ መንገደኛ አትይዝ፣ ገበያ አትውል። ኢምራን ፎቶዋን ስልኩ ላይ ለጥፎ ሲኮራባት፣ መኪናዋ እዚህ የዶሮ ማደሪያ ልትሆን ነበር። ሥራ የፈለገችላት ራዚያ ናት። የሙሽራ መኪና አደረገቻት። ሙሽራዋን በዚያች ጠባብ በር፣ የፊት ወንበሩን አጥፈው፣ ቬሎዋን እንደ ጥጥ እየጠቀጠቁ ሲያስገቧት ማየት ራሱን የቻለ ሠርግ ነው። ወዲያው ጠፍጣፋዋ ካልመጣች አላገባም የሚል ሙሽራ በዛ።

መሪውን የያዘችው ግን ራዚያ ነበረች። እሱ ነው ያልተዋጠላቸው።

«ሙሽራ በሴት ሹፌር? ምን ጉድ ነው!» ይላሉ ከመስጊድ ማዶ ጥላ ስር የሚቀመጡት ሰዎች። እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ሴት ልጃቸውን ለብቻዋ ባሕር አሻግረው፣ ቋንቋውን ወደማታውቀው ቤት፣ መልኩን ወደማያውቁት ሰው የላኩ። ያን ጊዜ ማንም ምን ጉድ ነው አላለም። ሴት ልጅ የሰው አገር ሽንት ቤት ብታጥብ ያልከበዳቸው፣ በአገሯ መሪ ስትጨብጥ ነውር ታያቸው! ይኼን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው እኔ አይገባኝም።

ስለዚህ ያን ቀን፣ ቪዲዮው የተቀረጸ ቀን፣ ጠፍጣፋዋ ሐይቅ መሀል ላይ ስታፈላ፣ ሰዉ የሚፈልገውን አገኘ። ወሬው ሳይመሽ ጅዳ ገባ። ኢምራን ለእህቱ የድምፅ መልእክት ላከላት፦

«እታለም፣ እኔ በአንቺ ክፉ ሐሳብ የለኝም፤ ሰዉ ነው የሚያወራው። ራዲያተሯ ይቀየር፣ እሺ። አዲስ ተገጥሞላት እንደገና ካፈላች ግን ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም ማለት ነው። ቁልፉን ለሙሐመድሁሴን ትሰጪዋለሽ። ወላሂ ብያለሁ።»

ሙሐመድሁሴን የአጎታቸው ልጅ ነው። ሐይቅ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን የጠፍጣፋዋን መሪ ሲያይ ምራቁን ይውጣል።

ራዚያ መልእክቱን ሰምታ ስልኳን ኪሷ ከተተችና መኪናዋን እያስጎተተች ወደ ጋሽ ታረቀኝ ጋራዥ ሄደች። ጋሽ ታረቀኝ አሮጌውን ራዲያተር አውርዶ ክዳኑን ከፈተ። ጣቱን ሰደደና ነጭ ነገር ይዞ ወጣ።

«ራዚያ፣ ይኼ ራዲያተር ነው የኖራ ጉድጓድ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዳር ላይ መኪና የሚያጥቡት ልጆች ናቸዋ! ከሐይቁ እየቀዱ ነው የሚሞሉት። ውሃው ለዓሣ ይሁን እንጂ ለሞተር አልተፈጠረም። ነጩ ሁሉ ውስጥ ለውስጥ ጋግሮ ቧንቧዎቹን ደፍኗቸዋል።»

«ቬንትሌተሩስ?»

«እሱ ንፋሱን ደህና ይስባል። ብቻ ይቺን መከለያውን አደራ።» በማራገቢያው ዙሪያ የሚታሰረውን ጥቁር ፕላስቲክ አንስቶ አሳያት። «ይቺ ከሌለች ንፋሱ በጎን ያመልጣል። የምትገዢው ራዲያተር ይቺን ካልተቀበለ፣ ወርቅ ቢሆንም እንዳታመጪው።»

በማግስቱ ደሴ ወጡ። ሙሐመድሁሴን አሮጌውን ራዲያተር ለመሸከም አብሯት ሄደ። መለዋወጫ ሱቆቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ አንዱ ዘንድ ገቡ። ባለሱቁ ዓይኑ ራዚያን አልፎ ሙሐመድሁሴን ላይ አረፈ።

«አቦ ግባ! ምን ልስጥህ?»

«ራዲያተር ነው» አለች ራዚያ። «አሮጌው ይኸው፣ ከሱ ጋር የሚመሳሰል።»

«ባለመኪናው አንተ ነህ?» አለ ባለሱቁ ለሙሐመድሁሴን።

«የወንድሜ ናት። የምነዳት እኔ ነኝ» አለች ራዚያ።

ባለሱቁ ፈገግ አለና መልሱን ለሙሐመድሁሴን ሰጠው። «ሦስት ዓይነት አለኝ ወንድሜ። ይኼ ኮፒ ነው። ይኼ ኦርጅናል ኮፒ ነው። ያ ደግሞ ኦርጅናል ነው።»

«ኦርጅናል ኮፒ ምን ማለት ነው?» አለች ራዚያ።

«የኦርጅናሉ ኮፒ።»

«ኮፒውስ የምን ኮፒ ነው?»

«የኮፒው።»

ዓይኑን አላሸም፣ አላፈረም። አያችሁ አይደል? ቃሉን አጥበው አጥበው ቀለሙን አስለቀቁት። ኦርጅናል ማለት ድሮ ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ማለት ነበር። ዛሬ ባለሱቁ ከእጁ እንዲወጣለት የሚፈልገው ሁሉ ኦርጅናል ነው። ገዢውም ኦርጅናል ነው ከተባለ ቤቱ ገብቶ በሰላም ይተኛል። የሚነቃው ዳገት ላይ ነው።

«ሙቀት የምታበዛው ስትሄድ ነው ስትቆም?» ብሎ ጠየቀ ባለሱቁ፤ አሁንም ሙሐመድሁሴንን።

ሙሐመድሁሴን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለቱም ላይ ነው። ራዲያተር እኮ ጠባዩ ነው።»

ባለሱቁ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ልጁ የሚነዳው ባጃጅ ነው! ባጃጅ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርድላት የመንገድ ንፋስ ነው። ሙሐመድሁሴን ራዲያተር የሚባል ነገር በቅርብ ያየው ያን ቀን ጠዋት፣ ትከሻው ላይ ሲጭኑት ነው። ግን ሱሪ ታጥቋል፤ እሱ በቃ። ኩዌትን በበጋ የነዳችው ሴትዮ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ቆማ እንደ ዕቃ ትታለፋለች።

«ስትቆምና ስትንቀረፈፍ ነው የምታበዛው» አለች ራዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ስትሄድ ደህና ናት።»

«እንግዲያው ይኼን ውሰድ» ብሎ ባለሱቁ ኦርጅናል ያለውን፣ የሚያብለጨልጨውን ከመደርደሪያው ላይ አወረደ፤ አሁንም ለልጁ ነው። «ሙሉ አሉሚኒየም። የእሽቅድምድም ነው። ውፍረቱን እየው፣ ግድግዳ ነው እኮ!»

እውነትም ያምራል። ራዚያ ራሷ ለአፍታ ልቧ ሄደ። ከዚያ በሁለት እጇ አንስታ ወደ በሩ ወሰደችው፤ ፀሐይ ላይ ወደ ላይ አድርጋ በውስጡ ልታይ ሞከረች። ብርሃን አልመጣም። ድፍን ነው። መልሳ አስቀመጠችው፤ የመጀመሪያውን፣ ኮፒ የተባለውን አነሳች። በጥፍሯ ነካ ስታደርገው እንደ ቆርቆሮ ወረቀት የሳሱት ክንፎቹ እጥፍ አሉ፤ ቱቦው የሚገባበት አፉም ጠምሟል። እሱንም ተወችው። መካከለኛውን፣ ያንን ኦርጅናል ኮፒ የተባለውን፣ ፀሐይ ላይ ያዘችው። ደቃቅ ብርሃን እንደ ወንፊት ወደ ፊቷ መጣ። ከአሮጌው ጋር ጀርባ ለጀርባ አጋጠመችው። የመከለያው ብሎን መግቢያዎች ገጠሙ፤ ቱቦዎቹም ገጠሙ። ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው።

በዚህ መሀል ሙሐመድሁሴን ኢምራንን በቪዲዮ ደውሎለት ኖሯል። ስልኩ ውስጥ የኢምራን ፊት ብቅ አለ።

«ማሻአላህ! እሱን ነው፣ ወፍራሙን! እታለም፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ኢምራን፣ ይኼ የተሠራው ለሚሮጥ ነው» አለች ራዚያ። «እኔ አልሮጥም። የእኔ ሥራ መንቀርፈፍ ነው። ከፊቴ ቪዲዮ አንሺ አለ፣ ከፊቱ ደግሞ የሚጨፍር ሰው አለ። የመንገድ ንፋስ አላገኝም፤ ያለኝ የማራገቢያው ንፋስ ብቻ ነው። ይኼን ግድግዳ ማራገቢያው ሊበሳው አይችልም። መከለያውም አይገጥምለት።»

«ጅዳ ያለ ስፖርት መኪና ሁሉ ይኼን ነው የሚያደርግ።»

«ጅዳ ያለ ስፖርት መኪና ሙሽራ ይዞ ‹ሆ በሉ› እየተባለ አይንቀረፈፍም።»

ሙሐመድሁሴን ሳያስበው ሳቀ። ኢምራንም «እሺ፣ የፈለግሽውን ግዢ። ግን ያልኩትን አስታውሺ» አለ።

«አስታውሻለሁ» አለች። እዚያው ባለሱቁ ፊት መሪዋን በዚያ ቀጭን ራዲያተር ላይ አስያዘች።

ጋሽ ታረቀኝ ገጠመላት። ንጹሕ ውሃ ከነማቀዝቀዣው ፈሳሽ ተሞላ፤ የሐይቁ ውሃ አጠገቧ አልደረሰም። ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆን ብላ እየተንቀረፈፈች፣ በሬ ከኋላዋ ደርሶ እስኪያልፋት ድረስ እየዘገየች ፈተነቻት። የሙቀቱ መርፌ መሀል ላይ ቁጭ አለ። ንቅንቅ የለም። ራዚያ ብቻዋን መኪናው ውስጥ ሳቀች።

ከዚያ የሰሚሃ ሠርግ መጣ። ሰሚሃ የውጫሌ ልጅ ናት፤ ኩዌት ሳሉ ከራዚያ ጋር አንድ ሕንጻ ውስጥ የሠሩ ናቸው። የሐይቁን ጁማን ልታገባ ነው። የጁማ ሚዜዎች «ሹፌሩ ይቀየር» ሲሉ፣ «ራዚያ ካልነዳች በእግሬ እመጣለሁ፣ ከቻላችሁ ከኋላ ተከተሉኝ» ብላ አፋቸውን አዘጋችው።

ውጫሌ ላይ መኪናዋን ያስጌጠቻት ነጅዋ ናት፤ የሠርግ ጌጥ የምታከራይ፣ እጇ የማይቦዝን፣ አፏም የማይቦዝን ሴት። ሪባኑን አሰረች፣ መስታወቶቹን አለበሰች፤ በመጨረሻ ያንን ትልቅ የፕላስቲክ አበባ አመጣችና አፍንጫዋ ላይ አጥብቃ አሰረችው። ራዚያ አጠገቧ ቆማ የዘይቱን መለኪያ እያየች ነበር። አበባውን አየችው። አየችው፣ አለፈችው። የሙሽራ መኪና አበባ ከሌላት ምኑን የሙሽራ ሆነች?

ሰልፉ ተነሣ። ከፊት ቪዲዮ አንሺው ፒክአፕ ላይ ቆሟል። ወጣቱ ይጨፍራል። ከኋላ ሙሐመድሁሴን በባጃጁ ይከተላል። ውጫሌን አንዴ ዞሩ። ራዚያ መርፌውን አየች፤ ከመሀል ትንሽ ከፍ ብሏል። ጨፋሪዎቹ ቆሙ፤ ቆመች። መርፌው እንደገና ወጣ።

«ያ አላህ» አለች።

ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ መሳብ የሹፌሮች የመጨረሻ ዘዴ ናት። የኋላ ወንበር ላይ ሰሚሃ ጮኸች፦ «ራዚያ! ልትቀቅዪኝ ነው እንዴ?»

«አብሽሪ፣ አንቺ ተቀቀዪ፣ ሞተሩ ይትረፍ!»

መርፌው ግን አልሰማትም። ወደ ቀዩ ተጠጋ። በመስታወቱ ስልኮች ሲነሱ አየች፤ አንዱ «ልትደግመው ነው! ቅረጽ፣ ቅረጽ!» ይላል። ሙሐመድሁሴን ከባጃጁ ወርዶ እየመጣ ነው። ቁልፉን ልታስረክብ እንደሆነ ታያት። ያ ቀጭን ራዲያተር አሳፍሯት ይሆን? ወፍራሙን ብትገዛ ይሻል ነበር?

ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደችና ኮፈኑን ከፈተች። ማራገቢያው እየዞረ ነው። ራዲያተሩ አልፈሰሰም። እጇን ከጀርባው ሰደደች፤ የሚነፍስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማራገቢያው ይዞራል፣ ንፋስ የለም! ንፋሱ የሚገባው በየት ነው? ጎንበስ ብላ የጠፍጣፋዋን አፍንጫ አየች።

አበባው ነበር። ማራገቢያው ጭምቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ስቦት፣ የፕላስቲክ ቅጠሎቹ በዚያች ጠባብ የንፋስ መግቢያዋ ላይ ልጥፍ ብለዋል። መኪናዋ አፏ ውስጥ ጨርቅ እንደተጎሰጎሰበት ሰው ሆናለች። ደሴ ድረስ ሄዳ ራዲያተር ፀሐይ ላይ አንስታ ብርሃን ያልፋል አያልፍም ያለችው ሴት፣ አበባው ዓይኗ ስር ሲታሰር ልብ አላለችውም። ንዴቷ መጀመሪያ የወረደው በራሷ ላይ ነው።

ከዚያ አበባውን ጨብጣ ሳበችው።

«ኧረ በአላህ! ምን እያደረግሽ ነው?» ነጅዋ ከሰልፉ መሀል እየሮጠች መጣች። «እንዳይወድቅ ብዬ በሽቦ ነው ያሰርኩት!»

«አጥብቀሽ ነው ያሰርሽው ነጅዋ፣ እጅሽ ይባረክ፤ አፏን ነው ያሰርሽው። መቁረጫ አምጪ!»

«አበባ የሌላት የሙሽራ መኪና? የለቅሶ መኪና ልታስመስያት ነው!» አለ አንዱ ሚዜ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሏል። ገና ሳይጀመር ብሏል።» ራዚያ ሽቦውን በእጇ እየጠመዘዘች ነው፤ ጣቷ ደምቷል። «አንተ ደግሞ መተንፈስ የማትችል ከሆነ አፍንጫህ ላይ አበባ ልሰርልህ?»

ሽቦው ተበጠሰ። ወዲያው ማራገቢያው ድምፁን ቀየረ፤ እንደታነቀ ሰው ያጣጥር የነበረው አሁን በረጅሙ ተነፈሰ። የአስፋልቱ አቧራ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ሲሳብ ቆመው የነበሩት ሁሉ አዩ። ራዚያ ያንን የአበባ ክምር ይዛ መሀል መንገድ ላይ ቆመች፤ የምታደርገው ጠፋት።

የመኪናዋ የፊት መስኮት ወረደ። ሰሚሃ ከኋላ ወንበር ተንጠራርታ በላብ የተጠመቀ ፊቷን አወጣች።

«ወዲህ በይው። እኔ እታቀፈዋለሁ።»

«ቬሎሽን ያበላሽብሻል» አለ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ጁማ።

«እኔም ተበላሽቻለሁ፣ ምን ቀረኝ? ስጪኝ ራዚያ!»

ሙሽራዋ አበባውን ታቀፈች። ከአበባው በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። ሰልፉ ተነሣ። መርፌው ወረደ፣ መሀል ላይ ደረሰ፣ እዚያው ተቀመጠ። ከውጫሌ ሐይቅ ሙሽራው ደጅ እስኪደርሱ፣ ሐይቅም ውስጥ ለፎቶ ሲዞሩ፣ ጭፈራ ሲበዛና ሰው ኮፈኑ ላይ ሲደገፍ፣ ጠፍጣፋዋ ትንፋሽ አላጠራትም።

ታዲያ የጁማ ደጅ ላይ ምን ተባለ መሰላችሁ? «ኢምራን የላከው ራዲያተር!» ተባለ። «ከጅዳ በአውሮፕላን የመጣ ነው አሉ።» «ወፍራም ነው፣ የእሽቅድምድም!» ኢምራን ራሱ በድምፅ መልእክት፣ «አብሽሪ እታለም፣ ቁልፉ ያንቺ ነው። ወፍራሙን ብንገዛ ደግሞ እንዴት ይሆን ነበር!» አላት። የደሴው ባለሱቅም ለጠፍጣፋዋ የሸጥኩት ይኼን ነው እያለ ያንን ግድግዳ ለሚመጣው ሁሉ ያሳያል አሉ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ራዚያን ቀና ብሎ አይቶ «ያን ጊዜ ባልሆነ ነገር ሰድበንሻል፣ አፉ በይን» አላላትም። ሙሐመድሁሴን ብቻ ሁሉም ምሳ ሲበሉ ወደ መኪናዋ መጣና አንገቱን አከከ።

«እታለም፣ ግን ራዲያተሩ በየት በኩል ነው ያለው?»

ራዚያ ኮፈኑን ከፍታ አሳየችው። በሚገባ አሳየችው።

አበባውን ስታነሳ የቀረጹ ስልኮችም ነበሩ። ያ ቪዲዮ የትም አልደረሰም፤ ባለቤቶቹ አልላኩትም። የሚያስቅ ነገር የለውም ተባለ። የመጀመሪያው ግን ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ራዚያ ነዳጅ ልትቀዳ በቆመችበት ሁሉ አንዱ ከፍቶ ድምፁን ያሰማታል።

ስለዚህ መልሳችሁ ክፈቱት። እንፋሎቱን ተዉት፤ ሴትዮዋንም ተዉአት። የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ያለውን እዩ። ያኔም እዚያው ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበር። ካያችሁት በኋላ እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ፦ ቪዲዮውን ለላከላችሁ ሰው ደውሉና «አበባውን አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት።